የወይዘሮ አዛለች ባህር ዛፍና ሦስቱ መስመሮች

በአንድ ወቅት፣ ስልክ ለማናገር ገደል አፋፍ ድረስ መውጣት ግድ በሆነበት ሰንበሌጥ አምባ፣ ወይዘሮ አዛለች የሚባሉ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ነበሩ። ሦስት ወንዶች ልጆችና አንዲት ሴት ልጅ ነበሯቸው። ወንዶቹ ጎጆ ወጥተው በየቤታቸው ይኖራሉ። ሴቷ ስንዱ ኮሌጅ ጨርሳ፣ ሥራ አጥታ፣ እናቷ ዘንድ ተመልሳለች። ከቤታቸው ጀርባ ሟቹ ችግኙን በትከሻቸው ተሸክመው አምጥተው የተከሉት፣ ጓሮውን የሞላ ባህር ዛፍ አለ፤ በዚያ አገር እንደሱ ቀጥ ብሎ ያደገ የለም።

ለስንዱ በአንድ ሳምንት ሁለት ነገር መጣላት። አንደኛው ሥራ ነው። የከተማ መሥሪያ ቤት ደንበኞቹ ሲደውሉ ከቤቷ ሆና በኢንተርኔት እንድታስተናግድለት ጠየቃት፤ ነገር ግን ቤቷ የማይቆራረጥ መስመር እንዲኖራት ይፈልጋል፤ ክረምት ሲገባ አንድ ሰኞ ይፈትሻታል። ሁለተኛው አረብ አገር የሚልክ ደላላ ነው። ፓስፖርቷን ከወዲሁ ይዞታል። «ሰኞ ካልሆነልሽ ማክሰኞ ከእኔ ጋር ነሽ» አላት፤ ፈገግ ብሎ፣ በግ እንደሚገዛ ሰው ከላይ እስከ ታች እያያት።

ወይዘሮ አዛለች ወንዶቹን ሰበሰቡ። «እኔ ሌላ የምጠይቃችሁ የለም። ይቺን ልጅ ከቤቴ ሳትወጣ እንድትቀር ያደረገ፣ ባህር ዛፉን ይውሰድ» አሉ።

ሦስቱም ዞር ብለው ባህር ዛፉን አዩ። እህታቸውን ያየ አልነበረም።

ትልቁ ታፈረ የእድሩ ዳኛ ነው። እሱ በምሰሶ ላይ ሽቦ የሚዘረጋውን ኩባንያ መረጠ። ዋጋ አመዛዝኖ አይደለም፤ ፍጥነቱን ጠይቆም አይደለም። አባታቸው ሲሞቱ የኩባንያው ወኪል ለቅሶ መጥቶ ድንኳን ውስጥ ሦስት ቀን ተቀምጧል፤ ንፍሮ ቆርጥሟል፤ ቃሬዛም ተሸክሟል።

«የአባታችንን ቃሬዛ የተሸከመ ሰው ሲለምነን እንዴት እንቢ ይባላል?» አለ ታፈረ፣ እድርተኛው በተሰበሰበበት።

ነውር ነው ተባለ። ኩባንያው መንደሩ በሙሉ ካልተመዘገበ አልመጣም ስላለም፣ እድርተኛው «ከዚህ ሌላ መስመር ቤቱ ያስገባ ከእድር ይውጣ» ብሎ ማለ። ያው ወኪል ወንዝ ማዶ ባሉት መንደሮች ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ለቅሶ ሲቀመጥ እንደከረመ የተሰማው ከመሐላው በኋላ ነው። የአንዱንም ሟች ስም አያውቅም ነበር አሉ። የሰው ሬሳ ተሸክሞ ደንበኛ የሚፈልግ ሰው ምን ይባላል? መሐላ ግን መሐላ ነውና ማንም አልነካውም።

ኩባንያው «ምሰሶ ከእናንተ» አለ። ታፈረ ደቦ ጠርቶ ከእናቱ ባህር ዛፍ ግማሹን አስቆረጠ። እንጨቱ ተልጦ አንድ በጋ መድረቅ እንደነበረበት የሰንበሌጥ አምባ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ነገር ግን ቸኮሉና እርጥቡን ተከሉት። መስመሩ ገባ፤ ሠራም። ለታፈረ ቤት ግን በነጻ ነበር የገባው። «ለድካሜ ነው» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

መካከለኛው ውብሸት በአይሱዙ እህል የሚያመላልስ ነጋዴ ነው። እሱ ደግሞ ኢንተርኔቱን ከሰማይ የሚቀበለውን ሳህን መረጠ።

«ምሰሶ አይፈልግም፤ ለቅሶም አይቀመጥም» አለ።

እናቱ ለእርሻ ያዋሱትን በሬ ሸጦ ሳህኑን ገዛ፤ መጥቶም በእናቱ ጣሪያ ላይ አቆመው። በሬውን መሸጡን የነገራቸው ሳህኑን ሰቅሎ ሲወርድ ነው። መስመሩ እንደ ወተት የጠራ ነበር፤ ስንዱ እንዲህ ያለ በኮሌጅም አላየችም። ሻጩ ለውብሸት ሁለተኛ ሳህን መርቆለታል፤ ያንን ሱቁ ላይ ሰቅሎ በሰዓት ያከራያል። የሱቁ ሳህን ላይ ግን ታፈረ ቃል አልተነፈሰም፤ ሱቁ ከእድሩ ክልል ውጭ ነው።

«ከእማዬ ጣሪያ አውርደው» አለው ታፈረ።

«አንተ ምሰሶህን ስታቃና አወርደዋለሁ።»

«እንግዲያው በመሐላው መሠረት ከእድር መውጣት አለ።»

«እኔ የከተማ እድር አለኝ።»

«አንተን ማን አለህ? መሐላው የፈረሰው በእማዬ ቤት ነው። የምትወጣው እሷ ናት።»

ወይዘሮ አዛለች ከደጅ ሆነው ይሰሙ ነበር። «ታፈረ፣ እኔን ነው?» አሉ።

«ሕጉ ነው እማዬ።»

«ስሞትስ ማን ይቀብረኛል?»

«ድንኳን ከከተማ እከራያለሁ፤ ወንበርም ጭምር» አለ ውብሸት። ይህንን ያለው እናቱን ለማጽናናት ነው።

ትንሹ አንተነህ የስልክ ኔትወርክ እየሳበ በካርድ የሚሠራውን የኢንተርኔት ሳጥን መረጠ። ሳጥኑ እናቱ ቤት ሲገባ ይሞታል፤ ገደሉ አፋፍ ላይ ግን ሙሉ ይይዛል። አንተነህ አልተከራከረም። ጓደኞቹን ጠርቶ፣ በእናቱ ግቢ ስንዱ የምታድርባትን ጎጆ ክዳኗን እንዳለ በትከሻ አሸክሞ አፋፉ ላይ አወጣት። ማገርና ጭቃውን እዚያው ሠሩላት። አፋፉ የወል ግጦሽ ነው፤ የማንም ቤት አይደለም፤ ስለዚህ መሐላ የሚያፈርስ ነገር የለም። ብልህ ልጅ ነው ተባለ።

ከእናቷ ደጅ ሆኖ ሲታይ የጎጆዋ ጫፍ ብቻ ነው የሚታየው። ሥራው ሳይነጋ የሚጀምር፣ ከመሸ የሚያልቅ ስለሆነ ስንዱ እዚያው ማደር አለባት። አንተነህ በጎጆዋ ግድግዳ ላይ መስኮት አስከፈተ፤ ከመስኮቱም ሥር መደርደሪያ መታ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለችው።

«ደንበኛ ሲጠፋ ካርድ ትሸጪልኛለሽ፤ የሰው ስልክም ቻርጅ ታደርጊልኛለሽ። ዝም ብለሽ ከምትቀመጪ።»

«ጅብ ሲመጣስ?»

«መስኮቱ መዝጊያ አለው።»

ሰኞ ደረሰ። ዝናቡ ከነፋስ ጋር ነበር የመጣው። የመሥሪያ ቤቱ ፈታሽ ከከተማ ደወለች፤ ስንዱ በእናቷ ቤት በምሰሶው መስመር ጀመረች። የመጀመሪያዎቹን ደንበኞች በደህና አስተናገደች። ከዚያ ነፋሱ በረታ፤ እርጥባቸውን የተተከሉት ምሰሶዎች እንደ ሰካራም እርስ በርስ ተደጋግፈው ተኙ፤ ሽቦውም አብሯቸው ወደቀ።

ስንዱ ወደ ሳህኑ ዞረች። ጉድለት አልነበረውም። ያን ጊዜ ግን ታፈረ ጡሩንባ ነፊውን አስከትሎ ደጃፉ ላይ ቆመ። ጡሩንባው ተነፋ፤ የወይዘሮ አዛለች ስም ተጠራ።

ፈታሿ ሰማች። «ምንድን ነው ጩኸቱ? ሰው ሞተባችሁ እንዴ?»

«የለም» አለች ስንዱ። «እናቴን በቁሟ ከእድር እያስወጧት ነው።»

ወይዘሮ አዛለች ገብተው እጃቸውን በልጃቸው ትከሻ ላይ አኖሩ። ስንዱ የሳህኑን ገመድ ነቀለች። ጡሩንባው ቆመ። ታፈረ ዝናቡን ከፊቱ ጠርጎ፣ «ይኸው፣ ጉዳዩ ለአሁኑ በይደር ተይዟል» ብሎ ተመለሰ፤ ትልቅ ውለታ እንደዋለ ሰው።

ስንዱ በጭቃው ዳገቱን ወጥታ ቀሪውን ፈተና በአንተነህ ሳጥን ጨረሰች። በመስኮቱ በኩል ሦስት ሰዎች ካርድ ጠይቀዋታል።

ፈታሿ «አልፈሻል» አለቻት። «መቆራረጡን ለዛሬ አልፌዋለሁ። ከነገ ጀምሮ ግን ከተቆረጠ ሥራው የለም። አንድ መስመር ብቻ ነው የምመዘግብልሽ፤ ዓመት ሳይሞላ አይቀየርም። እስከ ማታ አሳውቂኝ።»

ቤተሰቡ በወይዘሮ አዛለች ቤት ተሰበሰበ። ደላላውም መጥቶ በረንዳው ላይ ተቀምጧል፤ የጋበዘው ሰው ግን አልነበረም።

ወይዘሮ አዛለች «ስንዱ የማንን መስመር ካለች ባህር ዛፉ የእሱ ነው» አሉ።

«እኔን ከመረጥሽ እማዬ በእድሯ ትቀበራለች» አለ ታፈረ። «አንቺም ከቤቷ አትወጪም። ምሰሶውን በደረቅ እንጨት እተካዋለሁ፤ ባህር ዛፉ ከደረሰኝ።» እንጨቱ እስኪደርቅ ግን ክረምቱ ገና ነው፤ ነፋሱም ገና ነው፤ ደላላውም እዚያው በረንዳው ላይ ነው።

«በእኔ መስመር ሥራሽ አይቋረጥም፤ ከቤትሽም አትወጪም» አለ ውብሸት። «እድር ማለት ምንድን ነው? ድንኳንና ብረት ድስት አይደል?» ወይዘሮ አዛለች ይህን ሲሰሙ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። የባላቸውን ጉድጓድ የቆፈሩት እነማን እንደሆኑ ያውቃሉ፤ ድንኳን አልቆፈረውም።

«በእኔ መስመር ሥራውም አለ፤ እድሩም አለ» አለ አንተነህ። «አፋፉ ሩቅ ነው እንዴ? ሲጣሩ ይሰማል።» ነፋስ ባለበት ቀን ግን አይሰማም። እናትየዋ የጠየቁትም ሲጠሯት የምትሰማ ልጅ ሳይሆን ከቤታቸው የማትወጣ ልጅ ነበር።

ስንዱ ሦስቱን አንድ በአንድ አየቻቸው። «ከእናንተ መሃል አንዱን ብመርጥ፣ ስለ እኔ ብሎ የደከመው የቱ ነው?» አለች።

ታፈረ እድሩን አነሳ፤ ውብሸት ሳህኑን፤ አንተነህ ጎጆዋን። ያዳመጠ ሰው ሦስቱም ስለ እንጨት እንደሚያወሩ ይገባዋል። እንጨቱም ቢሆን ግማሹ ጉቶ ነው።

ሲመሽ ሁሉም፣ ደላላውም ሳይቀር፣ ስልክ ወደሚይዝበት አፋፍ ወጥተው ተቀመጡ፤ ስልኩ ጠራ። ፈታሿ ናት። ደላላው ከተቀመጠበት ተነሥቶ ፓስፖርቱን ከደረት ኪሱ አወጣ። ወይዘሮ አዛለች የልጃቸውን እጅ ያዙ፤ እንዲህ ወይም እንዲያ በይ ግን አላሏትም።

ከሦስቱ የከፋውን ምረጡ ብትባሉ ወዲያው በመረጣችሁ ነበር። ጥያቄው ግን እሱ አይደለም። አንዱ እናቱን በክብር ያስቀብራል፤ ልጅቱን ግን ለነፋስ ይተዋታል። አንዱ ልጅቱን እናቷ ቤት ያስቀምጣል፤ እናቱን ግን ያለ ቀባሪ ያስቀራል። አንዱ ሁለቱንም ያድናል፤ ግን ይለያያቸዋል። እናንተ በስንዱ ቦታ ስልኩን ብታነሱ፣ የማንን መስመር ትላላችሁ? ባህር ዛፉስ የሚገባው ለማን ነው?