ሼህ ኑርዬና የድልድዩ መዝገብ

ስሟ ይቆየንና፣ ወንዝ ለሁለት በሚከፍላት አንዲት ጥንታዊ ከተማ ሼህ ኑርዬ የሚባሉ ዓሊም ይኖሩ ነበር። ቁርኣን ያቀሯቸው ደረሶች ቁጥር ስፍር የለውም። የከተማው ሰው ግን ከዕውቀታቸው ይበልጥ የሚያወራው ስለ አንድ ዐመላቸው ነበር፤ ሼሁ ለቀልድ እንኳ አይዋሹም። ጎረቤት ወጥ አቅርባ «እንዴት ነው?» ብትላቸው፣ ጨው ከበዛበት «በዝቶበታል» ይላሉ። ከዚያ አመስግነው ጥርግ አድርገው ይበላሉ።

በዚያች ከተማ ሙስሊምና ክርስቲያን ተደባልቆ ነበር የሚኖረው። ሰርግ ሲደገስ ሁለት ዳስ ይጣላል፣ ሁለት ሰንጋ ይጣላል፤ የሙስሊሞቹን ሙስሊም ቢስሚላህ ብሎ ያርደዋል። ጦርነቱ መጣና ይህን ሁሉ በታተነው። መጀመሪያ «ይህ መሬት የእገሌ ብሔር ነው» የሚል ወሬ ገባ፤ ጠመንጃው ተከተለ። ሙስሊሙ ወደ ወዲህ፣ ክርስቲያኑ ወደ ወዲያ ሸሸ። ከሁለቱም ወገን ብዙ ሰው ተቀበረ። ተኩሱ ሲቆም ድልድዩ ላይ ከሩቅ አገር የመጡ ወታደሮች የሚጠብቁት ኬላ ተተከለ፤ የሥጋ ዘመድ ለሰርግ ወይም ለቀብር ካልሆነ በቀር ማንም አይሻገርም ተባለ።

የሼሁ ባለቤት መዲና ያረፉት በዚያው ሰሞን ነው። ወደ ማዶ የሸሸው የቀድሞ ጎረቤታቸው የአቶ ወንድይፍራው ልጅ ትርንጎ ለቀብራቸው ልሻገር ብላ ለምና ተከለከለች፤ ወንዙ ዳር ቆማ ስታለቅስ ዋለች። ትርንጎ እንደተወለደች እናቷ በጠና ታማ ስለነበር፣ መዲና ከራሳቸው ልጅ ጋር ሁለት ወር ሙሉ አጥብተዋታል። በሸሪዓ ደግሞ የጡት ልጅ ለአጥቢዋም ለባሏም ልጅ ናት፤ የእነሱ ልጆች ወንድሞቿ ናቸውና ሊያገቧት አይችሉም። ሼህ ኑርዬ «ልጄ» ሲሏት እንዲያው ለፍቅር ያህል አልነበረም።

በጥር ወር አንድ ቀን አቶ ወንድይፍራው ከማዶ ተጣራ።

«ሼሃችን! እሑድ ትርንጎን እድራለሁ! የእርስዎን ጉልበት ሳልስም ከቤት አልወጣም ብላለች! የእናንተም ሰንጋ ታስሯል፤ አራጅ ይዘው ይምጡ!»

«አብሽር! ኢንሻ አላህ እመጣለሁ!» አሉ ሼሁ እየሳቁ። መዲና ከሞቱ ወዲህ እንዲያ ስቀው አያውቁም።

እሑድ ጠዋት ነጭ በነጭ ለብሰው፣ አራጁን ሙሄን አስከትለው ኬላው ላይ ደረሱ። መቶ አለቃው መዝገቡን ገለጠ።

«ሙሽራዋ ምንዎ ናት፣ አባባ?»

«ልጄ ናት።»

«ስሟ?»

«ትርንጎ ወንድይፍራው።»

መቶ አለቃው ብዕሩን አቆመ። «ታዲያ እንዴት የእርስዎ ልጅ ትሆናለች?»

«በጡት። ባለቤቴ አጥብታታለች።»

«መመሪያው የሥጋ ዘመድ ነው የሚለው።» መቶ አለቃው ክፉ ሰው አልነበረም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የእህቴ ልጅ ናት ብለው ይፈርሙ። ማን ያጣራል?» አላቸውና ብዕሩን ሰጣቸው።

ከማዶ የከበሮው ድምፅ ይሰማል። ሙሽሮቹ ከቀትር በፊት እንደሚወጡ ሼሁ ያውቃሉ። የትርንጎ ለቅሶ፣ የመዲና ቀብር፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ትዝ አላቸው። እውነቱን ለመናገር፣ መፈረም እጅግ አምሯቸው ነበር። ብዕሩን ግን መለሱ።

«እኔ እህት የለኝም፣ ልጄ። በጡት ብለህ ጻፍልኝና ልፈርም።»

«አልችልም።»

«እንግዲያው እስክትችል እጠብቃለሁ» አሉና ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ።

«ኧረ ሼህዬ፣ ዛሬን እንኳ!» አለ ሙሄ። ሼሁ ተስቢያቸውን መቁጠር ጀመሩ።

ወሬ መች ይደበቃል? ከመስጊዱ ሠፈር ሰዉ እየተጠራራ መጣ። ከሁሉ የቀደሙት እማማ ዘሀራ ናቸው፤ በምርኩዛቸው ወታደሩን ገፋ አድርገው አለፉና መቶ አለቃው ፊት ቆሙ።

«የጡት ዝምድና ከተቆጠረ እኔን ጻፈኝ! ወንድይፍራውን ራሱን አጥብቼዋለሁ። ጥርስ አብቅሎም አልተወኝም፣ ይነክሰኝ ነበር!»

«እውነት ነው!» ብሎ ጮኸ ወንድይፍራው ከማዶ፤ በሁለቱም ዳርቻ ሳቅ ሆነ።

ከዚያ ማን ያቁመው! አንዷ የማዶዋን ጸሎተኛ የወይዘሮ ብርነሽን መንታዎች ማጥባቷን ተናገረች። ሙአዚኑ ደግሞ እሱ ራሱ የጠባው የቄሱን እናት እንደሆነ አንገቱን ደፍቶ አመነ። ከማዶ «እውነት ነው!» እየተባለ ይመሰከራል። ሼሁ ተነሥተው፣ «ያልጠባ ጠባሁ እንዳይል! አላህ ይሰማል!» እያሉ ሰልፉን ይዞራሉ። ሁለት ሰዎችም እሳቸውን ሲያዩ ከሰልፉ ወጡ።

መቶ አለቃው ባርኔጣውን አውልቆ ራሱን አከከ። በመጨረሻ «የዝምድና ዓይነት» በሚለው ሥር «በጡት» ብሎ መጻፍ ጀመረ።

ተራው የሙሄ ሆነ። ሙሄ ሼሁን አየ፣ ማዶውን አየ።

«እኔን ከወዲያ ያጠባኝ የለም። እናቴም ከእኔ ሌላ አላጠባችም።»

«ታዲያ በምን ልጻፍህ?»

«እንጃ። ናፍቀውኛል» አለና የአርባ ዓመቱ ጎልማሳ ዕንባው ዱብ ዱብ አለ።

መቶ አለቃው ወደ መዝገቡ ጎንበስ አለ። ከዚያ «ናፍቆት» ብሎ ጻፈ። ከሰልፉ የወጡት ሁለቱ ይህን ሲሰሙ ሮጠው ተመለሱ።

ኬላው ተከፍቶ ሰዉ ሲሻገር፣ ትርንጎ ድልድዩ ጫፍ ድረስ በሙሽራ ልብሷ መጥታ የሼሁን ጉልበት ሳመች። መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉላት፤ ወዲህ አሚን፣ ወዲያ አሜን ተባለ። ሰዉ በቅድሚያ ተቃቅፎ የየወገኑን ሙታን አለቀሰ። ቀጥሎ ሙሄ ቢስሚላህ ብሎ ሰንጋውን ጣለ፤ ሁለቱም ዳስ ሞላ፤ እልልታው ቀለጠ።

ማዕዱ ከተነሣ በኋላ ወንድይፍራው፣ «ሼሃችን፣ የእህቴ ልጅ ብለው ቢፈርሙ እኮ በጠዋት ይደርሱ ነበር» አላቸው።

«ብዋሽ ኖሮ ብቻዬን ነበር የምሻገረው» አሉ ሼህ ኑርዬ።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ይህችን ቃላቸውን ደጋግሜ አስቤባታለሁ። ሼሁ ቢፈርሙ ኖሮ ለልጃቸው ይደርሱላት ነበር፤ የጡት ዝምድና ዝምድና አይደለም ያለውን መመሪያ ግን በገዛ እጃቸው ማጽደቃቸው ነበር። እኛም ለደግ ነገር ብለን ትንሽ እንዋሻለን፣ ጉዳያችንም ይሳካል፤ ከኋላችን ተሰልፎ የቀረውን ሰው ግን ዞር ብለን አናየውም። አላህ ሲድቅን፣ እውነተኛነትን፣ ይወፍቀን፤ በእውነታችን ሌላውን ይዘን የምንሻገር ያድርገን።