ቀዳዳ የሌለው ግንብ

አንድ በሪሁን የሚባል እህል ነጋዴ ነበር። ከተማው ውስጥ ቦታ ቢያጣ ተዳፋት ተራራ ላይ ለቤተሰቡ ቤት ሊሠራ ተነሣ። ተራራው ተቆርጦ ቦታው ይስተካከላል፤ የተቆረጠው አፈር እንዳይናድ ደግሞ ከቤቱ ጀርባ ረጅም የድንጋይ ግንብ ይቆማል። በሪሁን ቀና ብሎ ተራራውን ባየ ቁጥር ልቡ ድው ድው ይላል። አባወራ ነኝ ብሎ ግን ለማንም ትንፍሽ አላለም።

ንድፉን ያወጡለት ጋሽ ወርቅነህ የሚባሉ ሽማግሌ ግንበኛ ናቸው። ወረቀቱን ዘርግተው ሲያሳዩት ግንቡ ላይ የተደረደሩ ትናንሽ ክቦች አየ።

«እነዚህ ምንድን ናቸው?»

«የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች። ተራራው ክረምት የጠጣውን በዚህ ያወጣል።»

በሪሁን ክው አለ። «ጋሼ፣ ልጆቼ በሚተኙበት በኩል ለውሃ ቀዳዳ ልተው? በጭራሽ! ይድፈኑልኝና ግንቡን በእጥፍ ያወፍሩት።»

«ልጄ፣ ውፍረት አያዋጣህም። መውጫ ያጣ ውሃ ይገፋል።»

«የምኖርበት እኔ ነኝ!»

ሽማግሌው ወረቀታቸውን ጠቅልለው ሄዱ። በሪሁን ሌላ ግንበኛ አምጥቶ እንዳሰበው አሠራ።

ቤተሰቡ ገባ፤ ክረምቱም መጣ። ዝናቡ ሲያይል ትልቋ ልጁ «አባዬ፣ ፈራሁ» ብትል ጮኸባት። «እዚህ ቤት የፍርሃት ወሬ መስማት አልፈልግም!» ከዚያ ወዲህ ቤቱ ጸጥ አለ፤ እሱም ሁሉም የተረጋጋ መሰለው። ራሱ ግን ከፍርሃቱ የተነሣ ጓሮውን ዞር ብሎ አያይም ነበር።

በነሐሴ አንድ እሑድ ጠዋት ጋሽ ወርቅነህ አላስችል ብሏቸው ዳገቱን ወጡ። ግንቡን ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ። መሃሉ እንደ እርጉዝ ሆድ ወደ ቤቱ ተገፍቷል። የበሪሁንን ሚስት ስንዱን ጠሯት፤ በሪሁንም ድምፃቸውን ሰምቶ ተከትሏት ወጣ።

«ይኼ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ልጄ ካየችው ሦስት ቀኗ። የጓዳው በርም አልዘጋ ብሏል።»

«ታዲያ ዝም ትላላችሁ?»

ስንዱ ባሏን ሰረቅ አድርጋ አየችና አንገቷን ደፋች። «አትንገሩኝ ብሏላ።»

በሪሁን ወደ ቤት ሮጠ። ልጆቹን እየጎተተ አወጣ፤ ዕቃ የሚያስብ አልነበረም። ከአጥሩ እንደወጡ ግንቡ ተዘረገፈ። የልጆቹ መኝታ ክፍል በድንጋይና በጭቃ ተሞላ።

ትልቋ ልጁ ቀና ብላ አየችው። «አባዬ፣ አሁን መፍራት ይቻላል?»

በሪሁን እንባው መጣ። «እኔም ፈርቻለሁ» አላት፣ «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።»

ወዳጆቼ፣ መፍራት ነውር አይደለም። በሪሁንን ለጥፋት ያቀረበው ፍርሃት እንዳይነገር መከልከሉ ነው። የቤት መሪ መጥፎ ወሬ በሰማ ቁጥር የሚቆጣ ከሆነ ወሬው ይቀርለታል፤ መጥፎው ነገር ግን አይቀርለትም። እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ፦ ቤተሰቦቻችን አይተውት፣ እኛን ፈርተው ያልነገሩን ነገር ይኖር ይሆን?