በቀትር ደን ውስጥ የተቀመጠችው ሴት

አንዲት ሴት ነበረች፣ ልጆቼ። ገበያ ዳር ካለው ወፍጮ ቤት እህል እየመዘነች ስትቀበል የምትውል፣ የሞተር ጩኸት ጆሮዋን ሲደበድበው የሚመሽባት፣ ዱቄት ከቅንድቧ የማይጠፋ ሴት። ያላት አንድ ወንድ ልጅ ነበር። መኪና ገጨውና በሃያ ዓመቱ ቀበረችው።

ተዝካሩ ወጣ። ድንኳኑ ፈረሰ። ሰው ወደየቤቱ ገባ። የእርሷ እንቅልፍ ግን ከልጇ ጋር ተቀብሮ ቀረ። ሌሊቱ አይነጋላት፣ ቀኑ አይመሽላት። የሞተሩ ድምፅ ቤቷ ድረስ ይከተላታል። እህል ስትመዝን ኪሎው ይጠፋባታል። "ባንችአምላክ፣ ምን ነካሽ?" ይሏታል። ምን ነካሽ! ልጅ የቀበረች እናት እንዲህ ተብላ ትጠየቃለች?

አንድ ቀን በቀትር ቤተ ክርስቲያን ልትሳለም ሄደች። ወደ ቤት መመለሱ ሲያስጠላት ግቢውን ወደ ከበበው ደን ገባች። አባቶች በግዝት ጠብቀው ያቆዩት ደን ነው። ከአንድ ዝግባ ሥር ጫማዋን አውልቃ ተቀመጠች። ቅጠሉ ይንሿሿል፣ መሬቱ ዝናብ ዝናብ ይሸታል፣ ጉሬዛው ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላል። "በቃሽ" የሚላት የለ። "ጠንክሪ" የሚላት የለ። ጆሮዋ ውስጥ የነበረው ሞተር ቀስ እያለ ጠፋ። ያን ቀን ማታ ተኛች።

በማግስቱም ሄደች። በሦስተኛውም ቀን ሄደች። ወፍጮው ለምሳ ሲቆም እርሷ ወደ ዝግባዋ። ውላ አድራ እህል መቅመስ ጀመረች፤ ፊቷም ሰው ሰው አለ።

ሰፈርተኛውስ? ደስ አለው? ኧረ የት አባቱ!

"በቀትር! ለብቻዋ! ከዛፍ ጋር!" አለች ጎረቤቷ ስመኝ፣ ደረቷን እየደቃች። "ጫማዋን እንኳ አውልቃ ነው ያገኘኋት። የቀትር ጋኔን ነው እቴ፣ ሌላ ምን ሊሆን?"

የእድሩ ሴቶች ተሰብስበው መከሩ። ከሥራ አስቀርተው፣ ቤት ውስጥም ብቻዋን እንዳትሆን የጥበቃ ተራ አወጡ። ሰኞ አንዷ፣ ማክሰኞ ሌላዋ። ተረኛዋ ቴሌቪዥኑን ከፍታ፣ የማን ልጅ እንደተዳረች፣ የማን ላም እንደጠፋች ስታወራ ትውላለች። ባንችአምላክ ሽንት ቤት ስትሄድ እንኳ በር ላይ የሚቆምላት አለ። "ትንሽ ነፋስ ልውሰድ" ስትል "ከኛ ጋር ተጫወቺ" ይሏታል። በክፋት መሰላችሁ? በፍቅር እኮ ነው! ወገኖቼ፣ ሴትዮዋን በፍቅር አሰሯት!

እንቅልፏ ዳግመኛ ጠፋ። ጉንጯ ጎደጎደ። ይኼኔ ታናሽ ወንድሟ ይበልጣል ገመድ ገዛ። "ሰኞ አስሬም ቢሆን ጸበል እወስዳታለሁ" አለ። ጸበሉን አልነቅፍም፤ እኔም ጸበል ያዳነኝ ሰው ነኝ። የምነቅፈው ገመዱን ነው! ያዘነችን ሴት እንደ በሬ በገመድ?

የደኑ ጠባቂ አያ ዘለቀ ሴትዮዋ ሳምንት ሙሉ ብትቀርበት ዱላውን ይዞ ቤቷ መጣ።

"ያች ሴት የታለች?"

"ታማለች" አለ ይበልጣል።

"ታማማ ነበር እኔ ዘንድ የምትመጣው። ልትድን ስትል ከለከላችኋት?"

"አያ ዘለቀ፣ ጋኔን እኮ ነው የያዛት!"

"እዚያ ደን ውስጥ ሠላሳ ዓመት ስውል እኔን አንድ ቀን ሰላም ያላለኝ ጋኔን ለእርሷ ተገለጠላት? በል ነገ ልቀቃትና ተደብቀህ አብረሃት ዋል። ጋኔን ካየህ ገመዱን እኔ ራሴ አጠብቅልሃለሁ።"

ቅዳሜ ቀን ለቀቋት። እርሷ ዝግባው ሥር ተቀመጠች፤ ይበልጣል ከወይራ ጀርባ አድፍጦ ጠበቀ። ጋኔን የለ፣ ምን የለ። ነፋስ ነው፣ ወፍ ነው። ይህ ሰው የእህቱን ልጅ ቃሬዛ ተሸክሟል፣ መቃብር አስቆፍሯል፣ ለቀስተኛ አስተናግዷል። "ወንድ ነህ፣ ቻል አድርገው" ስላሉት አንዲት ዘለላ እንባ አላፈሰሰም። ወይራውን እንደተደገፈ እንቅልፍ ጣለው።

ሲነቃ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። የእህቱ ነጠላ ላዩ ላይ ተደርቧል፤ እርሷም አጠገቡ ተቀምጣለች።

"ታንኮራፋለህ" አለችው።

"እታለም፣ ብዙ ተኛሁ?"

"ጉሬዛው እንኳ ደንግጦ አገር ለቀቀ።"

ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ ልቅሶ ቀደመው። የሟቹን ስም እየጠራ እንደ ሕፃን አነባ። እርሷ "በቃህ" አላለችውም። ዝም ብላ አጠገቡ ቆየች።

ሰኞ ጠዋት ተረኛዋ ስመኝ ስትመጣ ይበልጣል በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት። "እታለም የለችም፤ ሥራዋ ሄዳለች። ቀትር ላይ ደግሞ ደን ናት። እንዳትከተያት!"

ልጆቼ፣ እኔን ይህ ነገር ያንገበግበኛል! ያዘነ ሰው ዝም ሲል "ኮራ" እንላለን። ብቻውን ሲሄድ "አበደ" እንላለን። ዛፍ ሥር ሲቀመጥ "ሰነፈ" እንላለን። ታዲያ የት ይሂድ? የት ይተንፍስ? እኛ እንዲህ ያለ ደን ስናይ የሚታየን ማገርና ከሰል ነው። እግዚአብሔር ግን ለደከመ ሰው ጥላ አድርጎ አቆመው። ነቢዩ ሞቱን ሲለምን ከዛፍ ሥር አልነበረም የተኛው? መልአኩስ መግቦ አስተኛው እንጂ ተቆጣው?

ሐኪም የሚያሻውን ሐኪም ዘንድ ውሰዱት፤ አትዘግዩ። ግን እስቲ ራሳችሁን ጠይቁ፤ ከእናንተ መካከል "ለራሷ ብለን ነው" እያለ እህቱን ቤት ዘግቶባት የመጣ የለም? ወንድሙ እንዲያለቅስ ያልፈቀደለት የለም? እኔን አትዩኝ፣ ወደ ልባችሁ ተመልከቱ!

እንግዲህ ዛሬ ከምሳ በፊት ሂዱና በሩን ክፈቱ። ያዘነውን ሰው እጁን ይዛችሁ ወደዚህ ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ደን አምጡት። የወደደው ዛፍ ሥር ይቀመጥ። እናንተም ስልካችሁን ዘግታችሁ፣ አፋችሁን ዘግታችሁ አጠገቡ ቆዩ። ዝም ማለት የሚያቅተው ካለ ግን፣ እባካችሁ፣ እርሱ ቤቱ ይቅር!