ፊታውራሪ አንዳርጌ ምን ይባሉ?

በወይን አምባ ስለ ትዕቢት ወሬ ከተነሣ አያ ጣሰው ሳይነሣ አይቀርም። ሽማግሎቹ ከአባቶቻቸው እንደሰሙት፣ ድሃ ገበሬ ነበር፤ ፊደል አልቆጠረም፤ ምላሱ ግን ከብዙ የተማረ ሰው ምላስ ትበልጥ ነበር። የአገሩ ገዥ ፊታውራሪ አንዳርጌ ወንዝ ዳር ያለችውን ማሳውን ድንበር ገፍተው ከራሳቸው እርሻ ቀላቀሉበት። በበጋ ውሃ የምታገኝ ማሳው ያቺ ብቻ ነበረች። ከዚህ በኋላ የተባለው ሁሉ እሷን ለማስመለስ የተባለ ነው።

በመጀመሪያ ሸማውን አደግድጎ ከፊታውራሪ ግቢ ሄደና እጅ ነሣ። ፊታውራሪ ፊታቸውን እንኳ ሳያዞሩ አጠገባቸው ለቆመው አጋፋሪ፣ “ምን ፈልጎ ነው በለው” አሉት። አጋፋሪው ገና አፉን ሲከፍት አያ ጣሰው ቀደመው፦

«ድንበሬን ሲገፉ ራሳቸው ነበር የመጡት፤ ለሰላምታ ነው እንዴ አማላጅ የሚያሻቸው? በልልኝ።»

ከግቢው ተገፍትሮ ወጣ። እሱም በቀጥታ ገበያ ወርዶ፣ የሰማ ይስማ ብሎ “ትዕቢተኛ!” አለ። ይህቺ ቃል ኋላ ብዙ አመጣች።

ደጅ ቢጠና ቢጠና መልስ ሲያጣ፣ አንድ ቀን ፊታውራሪ በበቅሎ ሲያልፉ መንገድ መካከል ቆመና “በሕግ አምላክ!” አለ። በዚያ ዘመን ይህ ከተባለ ጌታም ቢሆን ይቆማል። ከሳሽና ተከሳሽ ሸማቸው ጫፍና ጫፉ ተቋጥሮ አብረው ወደ ዳኛ ይሄዳሉ። ፊታውራሪ ከበቅሏቸው ወረዱና የአያ ጣሰውን የነተበ ሸማ አይተው አፍንጫቸውን ሸፈኑ። “እኔ ከዚህ ጋር ልቋጠር?”

«ምነው ጌታዬ፣ መሬቴን ከመሬትዎ ጋር ሲቋጥሩ እንዲህ አልተጸየፉም።»

ተቋጥረው ሲሄዱ ያገኛቸው መንገደኛ ሁሉ ወገቡን እየሰበረ እጅ ይነሣል። ፊታውራሪ ትንሽ ልባቸው ተመለሰና፣ “አየህ አይደል፣ አገሩ እንዴት እንደሚወደኝ?” አሉት።

«እኔም እኮ እንዲሁ ነበር የምጎነበስ። ጎንበስ ብዬ ምን እንደምል ግን አንድ ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም።»

ዳኛው ብላታ ቢተው ይባላሉ። ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር ከፊታውራሪ ቤት ማርና ሙክት ይደርሳቸዋል። ፊታውራሪ ከችሎቱ ፊት ገና ሲቆሙ ነገሩን ገለበጡት፦ “ይህ ሰው በገበያ መካከል ትዕቢተኛ ብሎ ሰድቦኛል!” ብላታም የማሳውን ነገር ወደ ጎን አሉና፣ “በል አንተ፣ መጀመሪያ ስድብህን አንሣ። በምትኩ ለጌታ የሚስማማ ቃል ፈልገህ አምጣ። እስክታመጣ የመሬትህ ነገር አይታይም” ብለው ቀጠሩት።

በቀጠሮው ቀን ብላታ እየተሳለቁ፣ “እህ፣ ምን አገኘህ? ጉረኛ ልትላቸው ነው?” አሉት።

«ኧረ የለም። ጉረኛ ያልሠራውን ሠራሁ ይላል፤ እሳቸው የሠሩትን ነው አልሠራሁም የሚሉት።»

በሁለተኛው ቀጠሮ ለመስማት ብቻ ከየመንደሩ ሰው ጎረፈ። “ዛሬስ? ሰው ይንቃሉ ልትል ነው?” አሉት ብላታ።

«ቢንቁኝማ በዳንኩ! የናቀ ሰው ዞር ብሎ አያይም፤ እሳቸው ማሳዬን ደህና አድርገው አይተዋታል።»

በሦስተኛው ሳይጠየቅ ተናገረ፦

«ትምክህተኛ ልላቸው አስቤ ነበር። በምን ይመካሉ ብባል ግን ጣቴን ወደ ችሎቱ ልቀስር ነው፤ ነውር ነው ብዬ ተውኩት።»

ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ። ብላታ አልሳቁም፤ ቀጠሮውን ለከርሞ አደረጉት። ከርሞ ደግሞ ለከርሞ ሆነ። ፍርድ የሚያጓትት ሰው ራሱን አይርበውም። ሰባት ዓመት ሙሉ የማሳው ጎመን በፊታውራሪ ገበታ ሲቀርብ፣ የአያ ጣሰው ሚስት ማዘንጊያ በአጥሩ ቀዳዳ እያየች ታልፍ ነበር።

የሚገርመው፣ እንቅልፍ ያጡት ፊታውራሪ ናቸው። በየሰርጉ፣ በየለቅሶው፣ “ዘንድሮስ ምን ተባሉ?” እየተባለ ይሳቃል። ጠጁን የሚቀዳላቸው አሳላፊ ሳይቀር ከንፈሩን ሲነክስ ያዩታል። በመጨረሻ ወደ አያ ጣሰው ሽማግሌ ላኩ፦ “ኩራት ለጌታ ጌጥ ነው። በሕዝብ ፊት ኩሩ ነው ይበለኝ፤ ማሳውን እመልስለታለሁ።”

ማዘንጊያ እልል አለች። “አንተ ሰው፣ አንድ ቃል እኮ ናት! በላቸውና ልጆቻችን እህል ይብሉ!”

«ቃሏን ያስወደዷት እሳቸው ናቸው፤ እንግዲህ እኔ ዋጋውን ትንሽ ላንሣ» አላት።

ለሽማግሎቹም እንዲህ ሲል ነገራቸው፦ “እሺ፣ ግን መጀመሪያ የድንበሩ ድንጋይ ከቦታው ይመለስ። ቄሱም ከእንግዲህ የነቀለውን ሰው ይገዝቱልኝ። ድንጋዩን ደግሞ ፊታውራሪ ራሳቸው ይሸከሙት።” ሽማግሎቹ ደነገጡ። “ይህን ሁሉ ሎሌ አሰልፈው?”

«ሎሌ ከተሸከመውማ፣ ኩሩ የምለው ሎሌውን ነዋ!»

ፊታውራሪ ሦስት ቀን ተቆጥተው በአራተኛው እሺ አሉ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ወንዝ ዳር ወረደ። ብላታ ቢተውም በጥላቸው ሥር ቆመዋል። ፊታውራሪ አንዳርጌ ድንጋዩን ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ ሸማቸው ከትከሻቸው ተንሸራቶ በጭቃ እየተጎተተ፣ እያለከለኩ መጥተው ከጥንቱ ቦታ አስቀመጡት። ቄሱ መስቀላቸውን አንሥተው፣ “ይህን ድንበር የነቀለ ውጉዝ ይሁን” አሉ፤ ሕዝቡም “አሜን” አለ።

“በል!” አሉ ፊታውራሪ ላባቸውን እየጠረጉ። “ተናገር! ምንድን ነኝ?”

አያ ጣሰው ድንጋዩን በእግሩ ነቅነቅ አድርጎ መጽናቱን አየ። ከዚያ ሸማውን አደገደገ፤ እጅ ነሣ፦

«ኩሩ ናቸው ልል ነበር የመጣሁት ጌታዬ። ግን ኩሩ ሰው ለአንድ ቃል ብሎ ድንጋይ ይሸከማል?»