የተነቀለችው አምፖል

አንድ የአምቡላንስ ሾፌር ነበረ። ምጥ የጠናባቸውን እናቶች ከገጠር እያነሳ፣ ቀጥ ያለውን ዳገት ወጥቶ ሆስፒታል ያደርሳል። በእጁ የሞተበት ሰው አልነበረም፤ ዘወትር የሚፈራው ግን ያንን ነበር።

አንድ ቀን ከመሪው ፊት ለፊት፣ የሞተር ምልክት ያለባት ቢጫ መብራት በራች። ሾፌሩም በቀጥታ ወደ ጋራዥ ነዳ። መካኒኩ የመመርመሪያውን ኮምፒውተር ሰክቶ አነበበና፣ «ጭስ ማውጫው ላይ ያለው ሴንሰር ሞተሩ አየር በዝቶበታል ይላል። ራሱ ሴንሰሩ ሳይበላሽ አይቀርም» አለው። ቀየሩት። መብራቷ ጠፋች። ሳምንት ሳይሞላ ተመልሳ በራች። ደግመው ቀየሩት፤ ደግማ በራች።

ከዚያ ወዲያ ሾፌሩ እንቅልፍ አጣ። እየነዳ መንገዱን ትቶ መብራቷን ያያል። ምግብ ቀርቦለት ሞተሩ በጆሮው ይንተፋተፍበታል። ሚስቱ ስታናግረው እንኳ አይሰማትም። በመጨረሻ ለመካኒኩ፣ «በቃኝ፤ አምፖሏን ንቀልልኝ» አለው።

«እሷን ብነቅላት መኪናው አይድንም እኮ።»

«መኪናው ባይድን እኔ ልዳን!»

መካኒኩ ነቀለለት። ሾፌሩም ቀለል አለው፤ ያን ቀን እያፏጨ ቤቱ ገባ።

ብዙም ሳይቆይ ምጥ የያዛትን አንዲት ሴት ከአሮጊት እናቷ ጋር አሳፍሮ ዳገቱን ጀመረ። ወገቡ ላይ ሲደርስ ሞተሩ ትንፋሽ አጠረው፤ ተንገጫገጨና ቀጥ አለ። መኪናው ወደ ኋላ መንሸራተት ሲጀምር ፍሬን ይዞ አቆመው። ቁልፉን ደጋግሞ አዞረ፤ ይነሳና ይጠፋል። ከኋላ ወላዷ ታቃስታለች።

«የኔ ልጅ፣ ምን ሆነ?» አለች አሮጊቷ።

ሾፌሩ አምፖሏ ወደነበረችበት ቦታ ተመለከተ። ከፊቱ የሚነግረው ነገር የለም፤ ዝም ያሰኘው ራሱ ነው።

«ኧረ ልጄ አለቀችብኝ!»

ያን ጊዜ ወርዶ የሞተሩን ኮፈን ከፈተ። በእነዚያ ሁሉ ቀናት መብራቷን ሲያይ ከረመ እንጂ፣ ጎንበስ ብሎ ሞተሩን አላየውም ነበር። ሽቦውንም ቱቦውንም ዳሰሰ። ወደ ሞተሩ አየር የሚያስገባውን ወፍራም የጎማ ቱቦ ጎበጥ ሲያደርገው፣ ከሥሩ አፉን ከፈተ። ተሰንጥቋል። ዳገት ላይ ሞተሩ ሲታገል ስንጥቁ ይሰፋና ያልተፈለገ አየር ይገባበታል።

«እማማ፣ መቀነትዎን ይስጡኝ!»

ስንጥቁን በፌስታል ጠቅልሎ በመቀነቱ ጥፍር አድርጎ አሰረው። ሞተሩ ተነሳ፤ ሳይጠፋም ጸና። ሆስፒታል ደርሰው ወላዷን በቃሬዛ ሲያስገቧት፣ ሾፌሩ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። የሕፃን ለቅሶ እስኪሰማ ከዚያ አልተነሳም።

በኋላ መካኒኩ ያን የተጣለ የመጀመሪያ ሴንሰር ፈልጎ መረመረው። ጤነኛ ነበረ። ሴንሰሩ «አየር በዝቷል» አለ፤ እውነትም በዝቶ ነበር። ተነቅሎ የተጣለው እውነቱን ስለተናገረ ነው።

እንግዲህ ደምሰው፣ «ልጄ ይጮኻል፣ የያዘውን ይሰብራል፣ ሰላም ነሳን፤ አጎቱ ዘንድ ልላከው ወይ?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ከሚስትህ ጋር በአንድ ማዕድ ቀርባችሁ ቃል ሳትለዋወጡ እንደምትነሱ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል። ሴንሰሩ ልጅህ ነው። ቤትህ የገባውን ነገር ከሁላችሁ ቀድሞ ተሰማው፤ በሚችለውም መንገድ ተናገረ። ብትልከው ጩኸቱ ይቀርልሃል። ስንጥቁ ግን እዚያው ቤትህ ይቀራል፤ ዳገት ደግሞ አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም። ዛሬ ስትገባ ልጁን አትቆጣው። ሚስትህ አጠገብ ተቀመጥና፣ «ምን ሆነን ነው?» በላት።