ነጋሪው አህያና የቀበሮ ዋሻ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት እርስ በርስ ሹመት በሚሰጣጡበት ዘመን፣ አንበሳ አህያን የወንዝ ነጋሪ አድርጎ ሾመው። ምን ያስቃችኋል? ከአህያ የሚበልጥ ጉሮሮ ያለው ካለ አምጡ! ሥራውም ቀላል እንዳይመስላችሁ። ወንዙ ሲሞላ፣ ውሃው ሲበላሽ፣ መሻገሪያው ሲከፋ ቀድሞ አይቶ ለሁሉም መንገር ነበረበት።

አህያ በየማለዳው ኮረብታው ላይ ወጥቶ ያናፋል። ማዶ ገደሉ ላይ የሚኖረው ዝንጀሮ ሰምቶ ለጅግራ ይጮኻል፤ ጅግራም ከቁጥቋጦዋ ሆና ወደ ቆላው ታስተላልፋለች። እንዲህ እንዲህ እያለ ወሬው ወንዝ ዳር አሸዋው ላይ እስከምትተኛው እስከ ሚዳቋ ድረስ ይወርዳል። ሁሉም በየቤቱ ሆኖ ይሰማል፤ በየቤቱ ሆኖ ያሰማል። ሚዳቋ አህያን በአካል አይታው አታውቅም፤ ድምፁን ግን ትወደው ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን እመት ቀበሮ ጅራቷን እያወዛወዘች መጣች።

«አያ አህያ፣ እንዴት አደርክ? ኧረ ይሄ ጉሮሮህ አሳዘነኝ! ይህን ሁሉ ዳገት በየቀኑ ትወጣዋለህ?»

«ምን ላድርግ እመት ቀበሮ፣ ሥራዬ ነው።»

«የእኔ ዋሻ ባዶውን ተቀምጦ? አንድ ጊዜ ብታናፋ አሥር ጊዜ ያስተጋባልሃል። እንስሳው ሁሉ ተሰብስቦ ፊትህን እያየ ይሰማሃል። ለአንተ ዓይነቱ ሹም የሚገባው እኮ ይሄ ነው!»

አህያ ሆዬ ጆሮው ቆመ። መወደስ የሚጠላ ማን አለ? በማግስቱ ዋሻው ገብቶ አናፋ። የገዛ ድምፁ ከየግድግዳው እየተመለሰ ሲመጣበት መጀመሪያ ደነገጠ፣ ቀጥሎ ደስ አለው። ከርከሮው፣ ጦጣው፣ ድኩላው እልል አሉለት። ከዚያ ወዲህ ኮረብታውን እርግፍ አድርጎ ተወው። ዝንጀሮና ጅግራም የሚቀባበሉት ነገር ሲያጡ ዝም አሉ።

እመት ቀበሮ መች ሞኝ ናት! እንስሳው ሁሉ ከለመደ በኋላ ጅብን በር ላይ አቆመች። «መስማት የፈለገ አጥንት ወይም እንቁላል ይዞ ይምጣ» ተባለ። ቆየት ብላ ደግሞ ወሬውንም መምረጥ ጀመረች። አህያ አንድ ጠዋት «ከቀበሮ ቤት በታች ያለው ኩሬ ሸቷል፣ አትጠጡ» ሊል ሲዘጋጅ ጆሮው ሥር መጥታ፣ «ይሄን እንኳ ተወው፤ ስሜን ያጠፋል» አለችው። አህያ ግን አደራ አለበትና ተናገረው። ቀበሮ ፈገግ ብቻ አለች።

በማግስቱ ደጋው በደመና ጠቆረ። አህያ ያንን ደመና ከሩቅ ሲያይ ነገሩ ገባው። ደራሽ ጎርፍ ነው! እየበረረ ወደ ዋሻው ሄደ። ጅብ በሩ ላይ ተጋድሟል። ሁለቱ እንዲህ ፊት ለፊት ሲነጋገሩ አትገረሙ፤ የአንበሳ ሹም ስለሆነ ነው እንጂ ጅብማ ዓይኑን ከአህያ ሆድ ላይ ነቅሎ አያውቅም።

«አያ ጅቦ፣ አሳልፈኝ! ጎርፍ እየመጣ ነው!»

«አይሆንም። እመት ቀበሮ አህያ እንዳይገባ ብላለች።»

«እኔ እኮ ነጋሪው ነኝ!»

«እሱን አላውቅም። ምን ይዘህ መጣህ?»

«ጎርፍ እልሃለሁ፣ ጎርፍ!»

ጅብ ምራቁን ዋጠ። «ይበላል?»

ከዚህ ጋር ምን ይባላል! አህያ ዞረና ኮረብታውን ሽቅብ ተያያዘው። መንገዱን እሾህ ውጦታል። እግሩ እየደማ ሲወጣ፣ ዋሻው ድረስ መምጣት የማይችሉት የታችኞቹ ነዋሪዎች ትዝ አሉት። ይህን ያህል ጊዜ አንድም ቀን አስቧቸው አያውቅም፤ አፈረ። ጫፉ ላይ ደርሶ አናፋ። መልስ የለም። «አይ፣ ረስተውኛል» አለና እያለቀሰ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ ደግሞ አናፋ።

«አህያ?» አለ ከገደሉ ላይ ዝንጀሮ። «አንተ ነህ እንዴ? አለህ?»

«አለሁ ወንድሜ! ጎርፍ ነው፣ ለታች ንገርልኝ!»

ዝንጀሮ ጮኸ። ጅግራ ተቀበለች። ቃሉ ወደ ቆላው ወረደ።

ጎርፉ ካለፈ በኋላ አህያ ወደ ወንዙ ሄደ። አሸዋው የለም፤ ውሃው ጠራርጎ ወስዶታል። ከፍ ያለው አፋፍ ላይ ግን ሚዳቋ ቆማ፣ እግሩ ገና ያልጸና ግልገሏን ትልሳለች።

«ይቅር በይኝ እህቴ» አለ አህያ።

ድምፁን ስትሰማ ቀና አለች። «አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«እርጉዝ ስለነበርኩ ዋሻው ድረስ መውጣት አልቻልኩም፤ የሄዱትም ለእኛ አልነገሩንም። በየማለዳው ጆሮዬን ወደ ኮረብታው አድርጌ እጠብቅህ ነበር። ጭራሽ ስትጠፋ ጊዜ ሞቷል ብዬ አልቅሼልሃለሁ።»

አህያ ጎንበስ ብሎ ግልገሉን በአፍንጫው ነካ አደረገው፤ ትንሿ ሙቀት ስትሰማው እንባው ዝርግፍ አለ።

እመት ቀበሮ ወሬውን ሰምታ በሩን ወለል አድርጋ ጠራችው። «ና እንጂ፣ ቤትህ እኮ ነው!»

«ቤቴ አይደለም እመት ቀበሮ፣ ቤትሽ ነው» አላት ሳይቆጣ። «እንግዳ ሆኜ እመጣለሁ፤ ያለኝን ወሬም እነግርሻለሁ። መጀመሪያ ግን የማናፋው ከኮረብታዬ ነው፤ የሚጠብቁኝ አሉ።»

ከዚህ የምንማረው የሕዝብ አደራ የተሸከመ ሹም ሁሉ፣ በማኅበራዊ ሚዲያም ቢሆን፣ ቃሉን አንድ ባለቤት እንዳሻው በሚከፍተውና በሚዘጋው ቤት ውስጥ ብቻ ማስቀመጥ እንደሌለበት፣ ይልቁንም ከራሱ ኮረብታ፣ ማለትም ራሱ ከሚያዝበት መድረክ፣ ተናግሮ ሰሚው ሁሉ በየቤቱ ሆኖ እንዲቀባበለው ማድረግ እንዳለበት ነው።