አያ ጅቦ የበላው የጎርፍ ካርታ

አንድ ጊዜ፣ ድፍርስ በሚባል ወንዝ ዳር አርባ ቤት የሚሆኑ እንስሳት ተጎራብተው ይኖሩ ነበር። ድፍርስ በበጋ ጨዋ ወንዝ ነው፤ ጥንቸል እንኳ ሆዷን ሳታረጥብ ትሻገረዋለች። ክረምት ሲገባ ግን ከደጋ የወረደውን ውሃ ሁሉ ይሰበስብና ሳያንኳኳ ቤት ይገባል።

በዚያ መንደር አያ ጅቦ የሚባል ነበረ። ሆዳም ነው፤ ነገርም ቶሎ አይገባውም። ይህን ጎረቤቶቹ ሁሉ ያውቃሉ፤ የማያውቀው እሱ ብቻ ነው። እናታቸው የሞተችባቸው ሁለት ልጆች አሉት፤ ትልቁ ጠብደል፣ ትንሹ ቅርጥም ይባላሉ። ስለ አያ ጅቦ ከሚወራው ክፉ ነገር አብዛኛው እውነት ነው። ልጆቹን መውደዱም እንዲሁ እውነት ነው።

ባለፈው ክረምት ድፍርስ የእመት አህዪትን ጎጆ ከነገብሱ ጠርጎ ወስዶት ነበር። ዘንድሮ በጋው ሊያልቅ ሲል የመንደሩ ዳኛ አያ አንበሶ ሁሉንም ሾላው ሥር ሰበሰበ። አያ ጅቦም መጣ፤ ስብሰባው ላይ የሚበላ ነገር እንደሌለ ሲያይ ግን ጥሩ ጥላ መረጠና ተኛ።

እሱ ሲያንኮራፋ እመት አህዪት ተነሥታ ተናገረች። «ቤቴ መወሰዱ አንድ ነገር ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን እዚያ ቦታ ላይ መሥራቴ ነው። ያንን ሜዳ ውሃ ሁለት ጊዜ እንደበላው እማማ ኤሊ ያውቁ ኖሯል።»

«መች ጠየቅሽኝ ልጄ?» አሉ እማማ ኤሊ። ዕድሜያቸውን መቁጠር ከተዉ ቆይተዋል። «አሁንም ቢሆን ተሸክመሽኝ ዙሪ፤ ድፍርስ የረገጠውን ሁሉ አንድ በአንድ አሳይሻለሁ።»

እመት አህዪት እማማ ኤሊን ጀርባዋ ላይ አስቀምጣ አሥራ አንድ ቀን ዞረች። ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ የቀረውን ገለባ አዩ፤ ድንጋይ ላይ የደረቀውን የደለል መስመር ለኩ፤ አሮጊቷም የረሱት ነገር ሲኖር ዓይናቸውን ጨፍነው እስኪያስታውሱ ድረስ አህዪት ቆማ ጠበቀች። ከዚያ አንድ ሰፊ የበሬ ቁርበት ተወጠረና መንደሩ ተሣለበት። እያንዳንዱ እየተጠራ በቤቱ ቦታ ላይ የእግሩን አሻራ አተመ። ውሃ የሚደርስበት ቤት በቀይ አፈር፣ የማይደርስበት በነጭ አመድ ታተመ። አያ ጅቦ ሲጠራ ተኝቶ ስለነበር እማማ ኤሊ በገዛ እግራቸው አተሙለት።

ካርታው ሲያልቅ መንደርተኛው እንደገና ሾላው ሥር ተሰበሰበ። አያ ጅቦ እንደገና ተኛ። እሱ ተኝቶ ሳለ ሌላ ነገር ተወሰነ፦ ኮረብታው ላይ ጎተራ ይሠራል፤ ቀይ ቤትም ሆነ ነጭ ቤት፣ እህል የሚበላ አንድ እንቅብ እህል፣ ሥጋ የሚበላ አንድ እንቅብ ቋንጣ ያስገባል። ክረምት ቤቱን ውሃ የወሰደበት ከጎተራው ይበላል፤ ጎረቤቶቹም ጎጆውን መልሰው ያቆሙለታል። ሰዎች ይህን ነገር መድን ይሉታል።

አያ ጅቦ «ቋንጣ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ነቃ።

«የት አለ?» አለ።

«አንተ ነህ የምታመጣው» አለው አያ አንበሶ።

«እኔ?» አለ አያ ጅቦ ከልቡ ተገርሞ። «እኔ ዘንድ ሥጋ እስኪደርቅ ቆይቶ አያውቅም እኮ።»

መንደሩ በሳቅ ፈረሰ። አያ አንበሶም ሳቁን ዋጥ አድርጎ «እንግዲያው በጉልበትህ ታዋጣለህ» አለው። «እኛ ጎተራውን ሠርተን እስክንጨርስ ካርታውን ጠብቅ። ካርታውን ያጠፋ ከዚህ መንደር ይወጣል፤ ሰምተሃል?»

እመት አህዪት ወደ ጆሮው ጠጋ አለች። «ጌታዬ፣ ካርታው እኮ ቁርበት ነው።»

«አደራ ሲሰጡት ያፍራል» አለ አያ አንበሶ። ትልቅ ዳኛ ነበር፤ የጅብን ሆድ ግን ዳኝቶ አያውቅም።

አያ ጅቦ ሁለት ቀን ሙሉ በክብር ጠበቀ። ቁርበቱን ጀርባውን ሰጥቶት ተቀመጠ፤ ሽታው ሲመጣበት በአፉ መተንፈስ ጀመረ። በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ሁሉም ኮረብታው ላይ እንጨት ሲሸከም፣ እመት ቀበሮ መጣች።

እመት ቀበሮ ቤቷ ኮረብታው ወገብ ላይ ነው፤ ካርታው ላይ ያተመችውም በነጭ አመድ ነበር። አንድ እንቅብ ቋንጣ እንድታስገባ ከተወሰነ ወዲህ እንቅልፍ አጥታለች። ውሃ ቤቷን ካልወሰደው ቋንጣዋ ለሌላው ሊሆን ነው። ካርታው ከሌለ ግን ማን ቀይ ማን ነጭ እንደነበረ በምን ይታወቃል?

«አያ ጅቦ፣ እንዴት ከሱ እኮ» አለች። «ደግሞ የሚጠብቁት ነገር ሊበላሽ ነው። ዝናብ የነካው ቁርበት ይሻግታል። ከሻገተ ደግሞ ጠባቂው አጠፋው ይላሉ።»

አያ ጅቦ ደነገጠ። «ታዲያ ምን ይሻለኛል?»

«የማይሻግት ቦታ ያስቀምጡታ። ከሆድዎ የበለጠ ደረቅ ያለ ጎተራ የት ይገኛል? ለዓይን አይታይም እንጂ እዚያው አለ። ከእኔ ቤት ይጀምሩ፤ ለራሴ እንዳላዳላሁ ያውቁልኛል። ያውልዎት፣ ከላይ ጥግ ላይ።»

ነገሩ ለአያ ጅቦ በጣም ትክክል መሰለው። የቀበሮን ቤት ነከሰ። ወዲያው ጉሮሮውን አቃጠለውና ዓይኑ እንባ አቀረረ። እመት ቀበሮ ሮጣ በቅል ውሃ አመጣችለት። ከዚያ የጥንቸልን፣ የከርከሮን፣ የአያ አንበሶን ቤት በተራ እየጠራችለት በላ። በመጨረሻ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ቀረች።

«ይችስ የማን ናት?»

«የእርስዎ ናት። ይጨርሷት እንጂ።»

አያ ጅቦ አፉን ከፈተ፤ መልሶም ዘጋው። «ቤቴንማ አልበላም» አለ። «ልጆቼ የት ሊያድሩ ነው?»

እመት ቀበሮ ልትከራከር ፈለገች፤ ኮረብታው ላይ ድምፅ ስትሰማ ግን ሹልክ ብላ ሄደች። አያ ጅቦ ቁራጯን አገላብጦ አያት። ደማቅ ቀይ ናት። የቀይን ትርጉም ሲነገር ተኝቶ ነበርና፣ ቤቱን በሥጋ ቀለም ያከበሩለት መስሎት ደስ አለው። ወስዶ ለልጆቹ ትራስ አደረጋት።

ማታ መንደርተኛው ጎተራውን ጨርሶና ድርሻውን አስገብቶ ሲወርድ ባዶ የእንጨት መወጠሪያ ጠበቀው።

«ካርታው የት ሄደ?» አለ አያ አንበሶ።

«ንፋስ» አለ አያ ጅቦ፤ አገሳም። ወሬው እንኳ ቁርበት ቁርበት ይሸት ነበር። ግን ሲበላ ያየው ስላልነበረ አያ አንበሶ ፍርዱን ለነገ አለው።

በማግስቱ በስተደጋ በኩል ሰማዩ ጠቆረ። እያንዳንዱ ባለ ቀይ ቤት የራሱን አሻራ በገዛ እግሩ ስላተመ፣ ካርታው ባይኖርም ቦታውን አልረሳም፤ ጓዙን ይዞ ወደ ኮረብታው መውጣት ጀመረ። እመት አህዪት ግን አንድ ነገር ትዝ አላት፤ አያ ጅቦ አላተመም። ሸክሟን አራግፋ አያ ጅቦ ወደሚኖርበት ጉድጓድ ወረደች።

ጠብደልና ቅርጥም ትራሳቸው ላይ ተኝተው አገኘቻቸው። ትራሱን አየች። አያ ጅቦን አየች። አያ ጅቦ መሬት መሬት አየ።

«ንፋሱ ደግ ነው» አለች፤ «ለልጆች ትራስ ይቆርጣል።»

አያ ጅቦ ትራሱን በእግሩ ሊሸፍን ሞከረ።

«አያ ጅቦ፣ ይህን ቀለም ምን ብለው ነው የያዙት?»

«የሥጋ ነዋ። የክብር።»

«የውሃ ነው። እማማ ኤሊ ይህ ጉድጓድ ሦስት ጊዜ ሲሞላ አይተዋል። ተነሡ፤ አንዱን ልጅ እርስዎ፣ አንዱን እኔ።»

አያ ጅቦ ዘሎ ቆመ። ጠብደልን በአፉ አነሣ፤ ቅርጥም አህያዋ ጀርባ ላይ ወጣና ከጆሮዋ ጋር መጫወት ጀመረ። «ልጅዎ ጆሮዬን እየቀመሰ ነው» አለች እመት አህዪት በመንገድ ላይ። አያ ጅቦ አፉ በልጁ ተይዟልና ይቅርታ መጠየቅ አልቻለም።

ኮረብታው ላይ ሲደርሱ ድፍርስ ከታች እየጮኸ ወጣ። ሜዳውን ሞላ፤ ቀይ የታተሙትን ቤቶች አንድ በአንድ ጎበኘ። የአያ ጅቦ ጉድጓድ ሲሞላ ውሃው ሁለት ጊዜ ተንቦጫቦጨ፤ ከዚያ ጉድጓድ የነበረ አይመስልም። ከአርባው ቤት አንድም ነፍስ አልጠፋም። አያ ጅቦ ልጆቹን ሁለት ጊዜ ቆጠራቸው። ሁለቱም ጊዜ ሁለት ሆኑለት፤ አለቀሰ።

«ለምን አልተናገርሽብኝም?» አላት እመት አህዪትን በጆሮዋ።

«ቢያባርሩዎት ልጆቹ የት ይገባሉ?» አለችና ገብሷን መብላት ቀጠለች።

ውሃው በሦስተኛው ቀን ጎደለ። አያ አንበሶ ጎተራውን አስከፈተ። ቤታቸው የተወሰደባቸው ተሰለፉ። ከሰልፉ ፊት ግን ጭቃ በጭቃ ሆና እመት ቀበሮ ቆማለች።

«ቤቴ አለቀልኝ» አለች። «ወለሉ ውሃ፣ ግድግዳው ደለል። ሄዳችሁ እዩ።»

ሄደው አዩ፤ እውነትም ወለሉ ርሷል፣ ግድግዳው ጭቃ ተለቅልቋል። ጥጉ ላይ ግን አንዲት ቅል ተደፍታለች።

«ቤትሽ ነጭ ነበር» አለች እመት አህዪት። «ድፍርስ እዚያ ወጥቶ አያውቅም።»

«ቀይ ነበር። አርባ ቤት ነው የዞራችሁ፤ የእኔን ከሌላው አምታታሽው። እማማ ኤሊም አርጅተዋል፤ ይረሳሉ። ካርታው ይምጣና ይመስክር።»

ካርታው ሊመጣ አይችልም። አያ አንበሶ ጎፈሩን አከከ። ቋንጣው ለቀበሮ ከሄደ ቤታቸው ከተወሰደባቸው አንዱ ጦሙን ያድራል፤ ያለ ማስረጃ ከለከላት እንዳይባል ደግሞ ይፈራል። እማማ ኤሊ «ይረሳሉ» ሲባሉ አንገታቸውን ወደ ውስጥ አስገቡ። እመት አህዪትም ዓይኗ እንባ ሞላ። አሥራ አንድ ቀን የተሸከመችው ልፋት ነው በአንድ ውሸት የሚፈርሰው።

አያ ጅቦ ይህን አየ። አፉን ቢከፍት ከመንደሩ ይወጣል። ዝም ቢል ማንም አይነካውም። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን መክፈት ከበደው። ከዚያ ቅርጥም አሁንም አህያዋ ጀርባ ላይ ተቀምጦ ጆሮዋን ሲጎትት አየ።

«ነጭ ነበር» አለ።

ሁሉም ዞረው አዩት።

«እንዴት አወቅህ?» አለ አያ አንበሶ።

«ስለበላሁት። ንፋስ አይደለም፤ እኔ ነኝ። ቀይ አፈሩ ጨው ጨው ይላል፤ ይጣፍጣል። አመዱ ግን ጉሮሮ ያቃጥላል። መጀመሪያ የበላሁት የእመት ቀበሮን ቤት ነው፤ ከእኔ ጀምር ብላ አሳየችኝ። ሲያቃጥለኝም በቅል ውሃ ያጠጣችኝ እሷው ናት። ያቺ ቤቷ ጥግ ላይ የተደፋችው ቅል ናት። አሁን አውቃታለሁ።» ትንሽ አሰበና ጨመረ። «የጥንቸል ቀይ ነው። የከርከሮም ቀይ። የእርስዎ ነጭ ነው ጌታዬ፤ እሱም አቃጥሎኛል።»

ተራ በተራ አርባውንም ቤት ቆጠረ። አንድም አልሳተም። እማማ ኤሊ አንገታቸውን መልሰው አወጡና በየቤቱ «ልክ ነው» ይሉ ጀመር። እመት ቀበሮ መሃል ላይ ልትሄድ ስትል ከርከሮ መንገዱ ላይ ተቀምጦ ጠበቃት።

አያ ጅቦ ሲጨርስ ልጆቹን ጠራና ለመውጣት ተዘጋጀ። «ካርታውን ያጠፋ ይወጣል ብለዋል» አለ።

አያ አንበሶ አያ ጅቦን ከእግር እስከ ራስ አየው። ከዚያ ከንፈሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። «እኔ ያልኩት ያጠፋ ነው» አለ። «ካርታው ግን መች ጠፋ? ምላስህ ላይ ቁጭ ብሎ የለም እንዴ?»

ኮረብታው በሳቅ ተናወጠ። ጥንቸል ሆዷን ይዛ ተንከባለለች፤ እማማ ኤሊ እስኪያስነጥሳቸው ሳቁ። እመት ቀበሮ ሦስት እንቅብ ቋንጣ ወደ ጎተራው እንድትጨምርና ሌሎች ቤት ሲሠሩ ጭቃ እንድታቦካ ተፈረደባት፤ የገዛ ቤቷን ስትለቀልቅ ለጭቃ ጎበዝ መሆኗን አሳይታ የለ። ለአያ ጅቦም ላይኛው ተረተር ላይ ለቤት የሚሆን ደረቅ ጉድጓድ ሁሉም ተጋግዞ ቆፈረለት። እሱም በሚመጣው ዓመት ከሁሉ ቀድሞ ቋንጣ እንዲያስገባ ማለ። ቋንጣው እስኪደርቅ የሚጠብቁት ግን ልጆቹ እንዲሆኑ ራሱ ለመነ።

አዲሱ ካርታ በሰፊ ጥቁር ድንጋይ ላይ ተቀረጸ። ሁሉም ተጠርቶ አሻራውን አሳረፈ፤ አያ ጅቦም ዘንድሮ ነቅቶ የራሱን አተመ፤ ነጭ። ሥራው ሲያልቅ እመት አህዪት ዞር ስትል፣ አያ ጅቦ ማንም እንዳላየው ሆኖ የድንጋዩን ጫፍ በጥርሱ ሞከረው።

«እንዴት ነው?» አለችው።

«ጥሩ ካርታ ነው» አለ አያ ጅቦ ጥርሱን እያሻሸ። «አይበላም።»

ከዚህ የምንማረው፣ ውሃ የት እንደሚደርስ አስቀድሞ የሚያውቅና በደረቁ ቀን ተባብሮ የሚያዋጣ መንደር፣ ጎርፍ ጎጆውን ቢወስድበትም ጎረቤቱን እንደማይወስድበት ነው።